«የአየር ግጭት ችላ ይባላል»

ወዳጆቼ፣ ይሄን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት አመንትቻለሁ። ራሴን የማማበት ጽሑፍ ስለሆነ ነው። ግን ተማሪዎቼ ሰምተዋል፣ ቢዮ አዋሌም ሰምቷል፤ እናንተ ብቻ ለምን ትቀራላችሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት በርጫ ላይ ነን። ክርክሩ የቆየ ነው። የሰፈራችን ሽማግሌ፣ አባባ የምንላቸው፣ ከአባታቸው የወረሱት ምንሽር አላቸው። «የኔ ጥይት ማዶ ተሻግሮ ነው የሚያነጣጥረው» ይላሉ። ወጣቱ ሚሊሻ ጎረቤታችን ደግሞ ክላሽን የሚያህል የለም ባይ ነው። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ የተዋጉት ጋሼ አሥር አለቃ ሁለቱንም እየሰሙ ጫታቸውን ይቀነጥሳሉ።

በመጨረሻ ነገሩ በፍየል ውርርድ ሆነ። ዒላማው ከወንዙ ማዶ ያለ ነጭ ድንጋይ። (ወንዝ ስል በስሙ እንዳትሸወዱ። «ቢዮ» በሶማልኛ ውሃ ማለት ነው፤ የኛ ወንዝ ግን ዝናብ ካልመጣ አሸዋ ነው።) ዳኛው ማን ይሁን? «ቲቸር ይሁን፣ ፊዚክስ አይደል የሚያስተምረው!»

እኔም ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻችኋለሁ። ርቀቱን በስልኬ ጂፒኤስ ለካሁ፤ 600 ሜትር። የክላሽ ጥይት 8 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ ከአፈሙዙ በሰከንድ 715 ሜትር ትወጣለች። 600 ለ715 ሲካፈል 0.84 ሰከንድ። በዚህ ጊዜ ውስጥ መሬት ወደ ታች የሚስባት 3 ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። ሕዝቡ ፊት በደብተር ወረቀት ላይ ሠርቼ ለሚሊሻው «ከድንጋዩ 3 ሜትር ተኩል ከፍ አድርገህ ተኩስ» አልኩት። ጋሼ አሥር አለቃ ቀና ብለው አዩኝና ምንም ሳይናገሩ ተመለሱ።

ልጁ ተኮሰ። አቧራው የተነሣው ከድንጋዩ 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ የፍየል መንገዱ ላይ ነው። ወዲያው ከቁጥቋጦው ጀርባ የልጅ ጩኸት ሰማን። እረኛ። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። አልተነካም፣ አላህ አተረፈው። ግን ሮጠን እስክንደርስ ድረስ ይሄን አላወቅንም። ያቺ ሩጫ፣ እግሬ ከአሸዋው አልወጣ ያለችበት ሩጫ፣ እስካሁን በሕልሜ ትመጣለች።

ስንመለስ ጋሼ አሥር አለቃ የሚሊሻውን ክላሽ ተቀበሉ፣ ጥይቱን አወጡ፣ ከዚያ ማነጣጠሪያው ላይ ያሉትን ቁጥሮች አሳዩኝ። «6 የሚለውን ታያለህ ልጄ? 600 ሜትር ማለት ነው። መሣሪያውን የሠራው ሰው አየር እንዳለ ያውቃል። አንተ ረሳኸው።»

በቃ፣ ይሄው ነው። መጽሐፋችን ውስጥ ፕሮጀክታይል ሞሽን ሲጀመር አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፦ የአየር ግጭት ችላ ይባላል። ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ጻፍኳት! ለተወረወረ ድንጋይ ብዙም አትጎዳም። ለጥይት ግን ውሸት ናት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሳነብ ነው የከረምኩት። እውነቱ ይሄ ነው። የክላሽ ጥይት አጭርና ቀላል ስለሆነች አየሩ ቶሎ ያደክማታል። 600 ሜትር ለመድረስ 0.84 ሳይሆን 1.3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል፤ የምትወርደውም ወደ 7 ሜትር ነው፣ የኔን እጥፍ። የአባባ ምንሽር 7.92 ሚሊሜትር ነው። ለዚህ ጠመንጃ ጀርመኖች ሁለት ዓይነት ጥይት ሠርተው ነበር። አንደኛው 10 ግራም ሆኖ በሰከንድ 880 ሜትር ገደማ ይወጣል። ሌላው 12.8 ግራም ነው፣ ጀርባው የጀልባ ቅርጽ አለው፣ የሚወጣው ግን በ760 ገደማ ብቻ። ሩቅ ላይ ማን ያሸንፋል? ከባዱ! ቀላሉ ሲነሣ ይፈጥናል፣ ከባዱ ደግሞ ፍጥነቱን ቶሎ አያስነጥቅም። 600 ሜትር ላይ የሚወርደው ከ4 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ታዲያ ክብደት ብቻውን ቢበቃ ውጅግራ ሁሉንም ባሸነፈ ነበር። ውጅግራ፣ ማለትም የፈረንሳዮቹ «ፊዚ ግራ»፣ በኛው አገር በኩል በግመል ያለፈ፣ አድዋም የዋለ ጠመንጃ ነው። ጥይቱ 25 ግራም ትመዝናለች። ግን 11 ሚሊሜትር ወፍራም፣ አፍንጫዋ ደንቆሮ፣ ፍጥነቷም 450 ገደማ። ሚስጥሩ ያለው ቀጭን፣ ረጅምና ሹል ሆኖ ክብደት መያዙ ላይ ነው። ዛሬ በውጭ አገር እስከ 1,000 ሜትር ዒላማ የሚወዳደሩ ሰዎች በ1952 እ.ኤ.አ. ከወጣው 308 ዊንቸስተር ይልቅ በ2007 የወጣውን 6.5 ክሪድሞር የሚወዱት ለዚህ ነው። አረሩ ቀጭን ነው፣ ክብደቱም ያንሳል፤ ግን 1,000 ሜትር ላይ ገና ከድምፅ ይፈጥናል። የተለመደው 10.9 ግራሙ የ308 አረር እዚያ ሲደርስ ከድምፅ ፍጥነት በታች ወርዶ መንገዳገድ ይጀምራል።

ከሁሉም የገረመኝ ንፋሱ ነው። ንፋስ ጥይትን ምን ያህል ወደ ጎን እንደሚወስድ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ አየር ባይኖር የሚፈጅባትን ጊዜ ከእውነተኛው ጊዜ ላይ ቀንሱ፣ ልዩነቱን በንፋሱ ፍጥነት አባዙ። የሚገፋት የዘገየችበት ጊዜ ነው ማለት ነው። በሰከንድ 3 ሜትር የሚነፍስ ቀላል ንፋስ፣ እኛ ሸሚዝ ከፍተን «እሰይ» የምንለው፣ የክላሽን ጥይት 600 ሜትር ላይ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይወስዳታል። ከባዱን የምንሽር ጥይት ግማሽ ሜትር ገደማ።

ሰኞ ክፍል ገባሁና ሰሌዳው ላይ በመጽሐፉ ቀመር ሠራሁት። በ45 ዲግሪ የተተኮሰች የክላሽ ጥይት 52 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች፦ «ቲቸር፣ ታዲያ ሠርግ ላይ ሲተኩሱ ሐረርን አልፋ ነው የምትወድቀው?» ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና የቅዳሜውን ነገርኳቸው፣ አንድም ሳልደብቅ። በእውነቱ የምትወድቀው ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ማለት ደግሞ ሐረር አይደለም፤ እዚሁ ነው፣ የናንተ ቤት ነው፣ የእረኛው መንገድ ነው። እዚህ ጋ ሳቁ ቆመ።

ዘንድሮም ያቺን ዓረፍተ ነገር አስተምራለሁ፣ ፈተና ላይ ትመጣለችና። ግን ሰሌዳው ላይ ከጻፍኳት በኋላ ከሥሯ አሰምርባታለሁ፦ እኛ ችላ አልነው እንጂ፣ አየሩ እኛን ችላ አይለንም።

አባባ ምንሽራቸውን ከዚያ ቀን ወዲህ አላወጡም። ውርርዱ ያለ አሸናፊ ቀረ። ፍየሏም አለች፤ ትናንት የትምህርት ቤቱን አጥር ችግኝ ስትበላ ይዣታለሁ።