የእናቴ ጓጉንቸር

በእናቴ ሣጥን ላይ የሚንጠለጠለው ርካሽ የናስ ጓጉንቸር አቧራ ገብቶበት አልዞር ስላለ፥ ጎረቤቶች በመዶሻ ተሰብሮ ሌላ እንዲገዛ መከሩ። እርስዋ ግን ሟቹ አባቴ የገዛው ነውና እንዳይሰበር ስለ ለመነችኝ፥ ብዕር ብቻ የለመደው እጄ ካቻቢቴ አነሣ።

ቁልፉ ከብዙ ትግል በኋላ ዞረ፤ ቀለበቱ በለቀቀው ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ብሎን አገኘሁ። ብሎኑ ሲፈታ የቁልፉ ቤት በታች በኩል ወጣ። ከዚህ ወዲያ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ይኸውም ቁልፉ የሚገባበት በርሜል ሲሳብ፥ በልኩ የተቀረጸ እንጨት ከኋላው ካልተከተለ ጥቃቅኖቹ ሞላዎች ተፈናጥረው ይጠፋሉ። (እኔም አንዱን ከአልጋ ሥር ተንበርክኬ ፈለግሁ።) ዘይት አቧራ ስለሚይዝ፥ በእርሳስ ዱቄት አሸሁት።

ነገር ግን የቁልፉ ጥርስ የሚያነሣቸውን 4 የናስ ዘንጎች በመዳፌ ላይ ባሰለፍኋቸው ጊዜ፥ ቁመታቸው አንድ ሆኖ አገኘሁት። በደኅና ጓጉንቸር ውስጥ ዘንጎቹ ይበላለጣሉ፤ ባዕድ ቁልፍ የሚከለከለውም በዚሁ ነው። መልሼ ከገጠምሁት በኋላ የመሥሪያ ቤቴን የመሳቢያ ቁልፍ ብሞክርበት፥ ያለ አንዳች ክርክር ተከፈተ።

«ጠንካራ ነው ልጄ?» አለችኝ።

«እንደ አዲስ ሆኗል እማዬ» ብዬ ቁልፍዋን ሰጠኋት፤ የመሳቢያዬን ቁልፍ ግን በኪሴ ውስጥ ጨብጬ ነበር።