የሽማግሌው ኦስቲንና የአባዬ ቮልስ

ቤታችን ውስጥ ሦስት ዓመት የፈጀ ክርክር አለ። ግቢያችን ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ የቆመች ቮልስ አለች። አባዬ በመምህርነት ደመወዙ አጠራቅሞ የገዛት ናት። እማዬ ቦታው ላይ አንድ ክፍል ሠርታ ማከራየት ትፈልጋለች። ታላቅ ወንድሜ «ለቆራሌው ሰጥተን እንገላገል» ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእነሱ ጋር ነበርኩ። የማይሄድ መኪና ብረት ነው ባይ ነበርኩ።

ባለፈው ዓመት ለሥራ እንግሊዝ አገር ሄጄ በርሚንግሃም የአክስቴ ልጅ ቤት አረፍኩ። ጎረቤቷ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጠዋት የጋራዣቸውን በር ሲከፍቱ ውስጥ ያየኋት ጥቁር መኪና ከማነሷ የተነሳ መጫወቻ መሰለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1934 የተሠራች ኦስቲን ሰቨን ናት።

ስለዚህች መኪና ትንሽ ልንገራችሁ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና መግዛት የማይችል እንግሊዛዊ ቤተሰቡን የሚያጓጉዘው በባለጎን ወንበር ሞተር ሳይክል ነበር። የኦስቲን ፋብሪካ ደግሞ በ1921 ኪሳራ አፋፍ ላይ ነበር። መሥራቹ ኸርበርት ኦስቲን ትንሽ የቤተሰብ መኪና እንሥራ ቢሉ ቦርዱ አልተቀበላቸውም። እሳቸው ግን ስታንሊ ኤጅ የሚባል የ18 ዓመት ነዳፊ ቤታቸው ወስደው፣ ቢሊያርድ በሚጫወቱበት ክፍል ንድፉን አስወጡ። መኪናዋ በ1922 ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ሞተሯ 747 ሲሲ ሆነ፤ ያኔ የመኪና ግብር በፈረስ ጉልበት አንድ ፓውንድ ስለነበር ትንሽ ሞተር ማለት ትንሽ ግብር ነው። እስከ 1939 ድረስ 290,000 ያህል ተሠርተዋል። የዛሬው ቢኤምደብሊው እንኳ መኪና ሥራ ውስጥ የገባው ይህችኑ ኦስቲን በፈቃድ ታመርት የነበረችን የጀርመን ፋብሪካ በ1928 ገዝቶ ነው።

ሽማግሌው መኪናዋን ያገኟት ገበሬ ጎተራ ውስጥ፣ ዶሮ እንቁላል ሲጥልባት ነበር አሉኝ። ወለሏን ዝገት በልቶታል፣ ሞተሯ ደርቋል። አድሰው ለመንገድ እስኪያበቋት ሰባት ዓመት ፈጀባቸው። ይዘውኝ ዞሩ። ፍሬኗ በገመድ የሚሳብ ነው፤ ስለዚህ ከፊት ያለውን መኪና ከሩቁ መጠንቀቅ ነው። ፍሪሲዮኗ ደግሞ ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፣ መሃል የለውም፤ ስንነሳ ሁለታችንም ወደፊት ተወረወርን። እኔ «ፍሪሲዮን» እያልኩ ስጠይቃቸው አልገባቸውም። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮፋኖ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያን የወረስናቸው መሆናቸው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

መለዋወጫው ከየት ይመጣል? የባለንብረቶች ክበቦች አሉ፤ ብዙው ዕቃ ዛሬም አዲስ ይሠራል። ከ40 ዓመት በላይ የሆናት መኪና ታሪካዊ ተብላ ከተመዘገበች ዓመታዊ የመንገድ ግብር አትከፍልም። እንዲያም ሆኖ ያወጡት ገንዘብ ከዋጋዋ ይበልጣል። «ታዲያ ለምን ደከሙ?» አልኳቸው።

«አባቴ እንዲህ ዓይነት መኪና ነበረው» አሉኝ። «ሲጠግን ባትሪ እያበራሁለት እቆም ነበር፤ አንድም ነገር ግን ጠይቄው አላውቅም። ከሰባቱ ዓመት ግማሹን ያባከንኩት እሱ በአንድ ከሰዓት ሊያሳየኝ ይችል የነበረውን ነገር ከመጽሐፍ ስፈልግ ነው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባዬ 74 ዓመቱ ነው።

አሁን «ቅርስ እንጠብቅ» ብዬ ልሰብካችሁ አይደለም። ሽማግሌው ጡረታ፣ ጋራዥና ክበብ አላቸው። እማዬ ደግሞ የኪራዩ ገንዘብ የምር ያስፈልጋታል፤ ለእሷ ያ ጥግ የወር አስቤዛ ነው። በዚያ ላይ እኛ አገር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ካርቡራቶር መፍታት የሚችል ሰው ነገ ማን ይፈልገዋል? ይሄ ሁሉ ልክ ነው። ወንድሜ ሒሳቡን ሲያወራርድ አልተሳሳተም።

ሒሳቡ ውስጥ ያላስገባነው ግን አባዬን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስንከራከር እሱ አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። «ምን ትላለህ?» ያለውም የለም። ያቺን ቮልስ በየእሁዱ ራሱ ፈትቶ ራሱ ሲገጥማት ያደግነው ልጆች፣ የመኪናዋን ጉዳይ ከኪራይና ከብረት ዋጋ ውጪ አላየነውም።

እንደተመለስኩ እማዬን ጊዜ ለመንኳት። እስከ መስከረም ፈቀደች፤ ካልተነሳች ቆራሌው ይወስዳታል። ተስማማሁ። ቅዳሜ ሸራውን ገፈፍን። አባዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ በከዘራው እያሳየ ያዘኛል። የመጀመሪያ ስህተቴ ሞተሩን ፍለጋ የፊቱን ክዳን መክፈቴ ነበር። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው! በዚያች መኪና ትምህርት ቤት ስመላለስ ያደግኩ ሰውዬ ነኝ እንግዲህ። አባዬ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል። ከሰዓት ላይ ወንድሜ ሊያሾፍብን መጥቶ እስኪመሽ ቁልፍ ሲያቀብለን ዋለ።

እንግዲህ አባታችሁ፣ እናታችሁ በእጃቸው የሚያውቁት ነገር ካለ ዛሬ ጠይቋቸው። ዕቃው ቢሸጥም ይሸጥ።

የእኛ ቮልስ እስካሁን አልተነሳችም። መስከረም ደግሞ ሁለት ወር ብቻ ነው የቀረው።