ከሁለተኛው ስኒ በኋላ

በእስራኤሏ አፉላ ፊልም የሚዳኘው ቡና ላይ ነው። የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ ቤተ እስራኤልን ከሱዳን ያወጣበትን ታሪክ የሚተርከውን፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ያዩ አንዲት እናት፣ «ፈረንጁ ሲዋኝ አየሁ፤ እኛ በሱዳን በረሃ ስንረግፍ ግን መች በቅጡ አሳዩ?» አሉ።

«እማማ፣ ሞሳድ ባይኖር እኮ...» አለች የልጅ ልጃቸው።

«ቀድሞ ሱዳን ገብቶ የተጣራው የኛው ፈረደ አክሉም አይደል? ተይኝ እስቲ!»

የዳይሬክተሯ የዓለምወርቅ ዳቪድያን «የበለስ ዛፍ» ሲነሳ ግን ድምፃቸው ለዘበ። ፊልሙ የ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ታሪኩ በደርግ ማብቂያ አዲስ አበባ ውስጥ ከአፈሳ ስለሚሸሸግ ወጣትና ስለምትወደው ልጃገረድ ነው።

«ይቺስ አፈሳን የምታውቅ ናት» አሉ ጎረቤታቸው ጋሼ።

ሐያሲ ኮከብ ይሰጣል። እማማ ግን «ድገሚልኝ» ካሉ ፊልሙ አለፈ ማለት ነው።