ያለቀሰው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፍላችሁ የራሴን ስሕተት ልነግራችሁ ነው። በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኝ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናትን ክፍል አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ልጆች ናቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 የተጻፈውን የአልዓዛርን ከሞት መነሣት አስተማርኩና፣ እንዲይዙት ብዬ አንድ ዐረፍተ ነገር አጻፍኳቸው፦ «ሥጋው አለቀሰ፣ መለኮቱ አስነሣ።» ያማረ አነጋገር መስሎኝ ነበር።

ከኋላ የተቀመጠች የዐሥር ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። የእናቷ አርባ ገና መውጣቱ ነበር።

«ጋሼ፣ እንግዲያው እግዚአብሔር አላለቀሰም ማለት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። «በሚቀጥለው ሳምንት እንመለስበታለን» ብዬ አለፍኩት። የምታስተምሩ ሁሉ ይህችን መሸሻ ታውቋታላችሁ።

ማታ ከሠርክ ጸሎት በኋላ በደብሩ የሚያስተምሩትን የኔታን ጠየቅኋቸው። አልገሠጹኝም።

«እሾህ እግርህን ቢወጋህ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«እግሬን አመመኝ።»

«እግሬ ታመመ፣ እኔ ግን ደኅና ነኝ አትልም?»

አልልም። እናንተም አትሉም። ነፍስ በእሾህ አትወጋም፣ ደምም የላትም። ሆኖም ነፍስና ሥጋ በተዋሕዶ አንድ ሰው ስለሆኑ በሥጋዬ የደረሰው በእኔ ደርሷል፤ «አመመኝ» የምለውም ስለዚህ ነው። ቅዱስ ቄርሎስ ዘእስክንድርያ የነፍስንና የሥጋን ተዋሕዶ ለምሥጢረ ሥጋዌ ምሳሌ አድርጎ አስተምሮበታል። ቃል ከእመቤታችን የነሣው ሥጋ የራሱ ሥጋ ነው፤ እንባውም የራሱ እንባ ነው። በመቃብሩ ደጅ ያለቀሰው አንዱ፣ ሟቹን በስሙ የጠራው ደግሞ ሌላው አይደለም። የእኔ ዐረፍተ ነገር ግን ሳላስበው ሁለት አድራጊዎችን አቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን የተወገዘው ንስጥሮስ እመቤታችንን «ወላዲተ አምላክ» ማለትን እንቢ ያለው የወለደችውን ከሁለት ስለከፈለ ነው። እኔም በዚያች እሑድ ከዚያ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር።

«ታዲያ መለኮት ታመመ ልንል ነው?» ብዬ ፈራሁ። የኔታ በእጃቸው ወደ ቀጨኔ አመለከቱኝ። «ቀጥቃጭ ሲሠራ አላየህም? መዶሻው ሲያርፍበት የሚጠፈጠፈው ብረቱ ነው፤ እሳቱ በመዶሻ አይጎዳም። ነገር ግን ከጋለው ብረት እሳቱን ለይተህ ልታነሣ ትችላለህ?» ይህም የቅዱስ ቄርሎስ ምሳሌ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ምሳሌ ዘየሐጽጽ እንዲሉ፣ ብረት ከእሳት ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ መለኮት ግን ከትስብእት ለቅጽበተ ዓይን እንኳ አልተለየም። ያለ ውላጤ፣ ያለ ቱሳሔ፣ ያለ ቡዓዴ የምንለው ለዚህ ነው፤ መለኮት ወደ ሥጋነት አልተለወጠም፣ ሁለቱም እንደ ውኃና ወተት አልተቀላቀሉም፣ ከተዋሕዶም በኋላ አይለያዩም። ከሁለት አካል አንድ አካል፣ ከሁለት ባሕርይ አንድ ባሕርይ።

በልጅነቴ፣ ሊቃውንቱ በ1870 ዓ.ም. በወሎ ቦሩ ሜዳ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት ስለ ልደቱ ያደረጉት ክርክር የቃላት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። እናቷን የቀበረች ልጅ ከጠየቀችኝ ወዲህ ግን እንዲያ አይመስለኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹን ደብተራቸውን አስገለጥኩና የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። የእሾሁን ምሳሌ ነገርኳቸው፤ ብረቱን ለትልልቆቹ አቆየሁት። ልጅቱ ምንም አልተናገረችም። መስመሩን ሰርዛ ከሥሩ «ጌታ አለቀሰ» ብላ ጻፈች፤ ቀጥሎም ደብተሯን ሳትዘጋ ረጅም ጊዜ ተቀመጠች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።