ከአጀንዳ ውጭ
እሑድ የእድራችን ስብሰባ ላይ ስለ ወርሃዊ መዋጮ እየተነጋገርን ሳለ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጆቼ፣ ፋይዳ የሚባለው መታወቂያ ምዝገባው በገንዘብ ነው?»

«ከአጀንዳ ውጭ ነው!» አላቸው አንዱ በቁጣ። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ዝም አሉ። አንጀቴን በሉት።

ጸሐፊያችን ግን ቀና ብሎ፣ «እማማ፣ ምዝገባው በነፃ ነው። የት እንደሚመዘገቡ ስንጨርስ እኔው አሳይዎታለሁ» አለና ወደ መዋጮው ተመለሰ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

የሰው ሰዓት መከበር አለበት፤ ሁሉም ጉዳይ መድረክ ላይ አይዘረጋም። ግን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» እያልን አድገን፣ የጠየቀን ማሳፈር ምን ይሉታል? የምታውቁትን ባጭሩ መልሱ፣ ቀሪውን ለብቻ አስረዱ፣ ካላወቃችሁም የሚያውቀውን ጠቁሙ። ጠያቂውን ግን አንገት አታስደፉ።