ስልሳ ስድስት ዓመት የምትቀንሰው መስመር

እናቴ ደብዳቤ ስትጽፍልኝ ቀኑን ከላይ በቀኝ በኩል ታሰፍራለች፤ «ጥር 27 ቀን 1990 ዓ.ም.»። ዋሽንግተን ቁጭ ብዬ ሳነበው ስምንት ዓመት እደምራለሁ፣ ቀኑን በጣቴ እቆጥራለሁ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1998 ላይ እደርሳለሁ። መልስ ስጽፍ ደግሞ መቀነስ ነው። ከአገሩ ወጥቶ የኖረ ሁሉ ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። አንድ ኮምፒውተርም ይህንኑ ሲሠራ አገኘዋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ሌሊት ሆቴል ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ቀን ኮሌጅ እማራለሁ። ማኪንቶሽ ኤስኢ/30ዋን ያገኘኋት ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ በ15 ዶላር። አፕል በ1989 ሲያወጣት ከ4,000 ዶላር በላይ ነበረች። ስክሪኗና ሆዷ አንድ ሣጥን ነው፤ ዘጠኝ ኢንች ጥቁርና ነጭ ስክሪን፣ አናቷ ላይ መያዣ፣ ክብደቷ ወደ ዐሥር ኪሎ። ከሦስት ልጆች ጋር በምጋራው ክፍል ማስቀመጫ ስላልነበረኝ ቀጥታ ወደ ፓርኪንጉ ቡዝ ወሰድኳት።

ጠዋት ከእኔ የሚረከቡት ስልሳ ዓመት የተጠጋቸው ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። አገር ቤት ሳሉ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ? ቴሌቪዥን ነው?»

«ኮምፒውተር ነው ጋሼ።»

«ይሠራል?»

«ይሠራል። እኔ ግን ሌላ ሲስተም ልጭንበት ነው።»

ያ ሲስተም ኔትቢኤስዲ ነው። ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩኒክስ የተወለደ፣ በ1993 የተጀመረ፣ ሶርስ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም። ጃንዋሪ 1998 ላይ 1.3 የተባለው ወጥቶ ነበር። ቫክስ ላይ ይሠራል፣ አሚጋ ላይ ይሠራል፣ አታሪ ላይ ይሠራል፤ ባለቤቶቻቸው ፊታቸውን ያዞሩባቸው ማሽኖች ላይ ሁሉ። የልቤን በር የከፈተው ይህ ነው። ከኮዱ አብዛኛው ለሁሉም ማሽን አንድ ነው፤ ማሽን ከማሽን የሚለይበት ነገር ብቻ በየስሙ ለብቻው ተቀምጧል። እናም ሲስተሙን ወደ አንድ አሮጌ ማሽን ማሸጋገር ማለት ያንን ትንሹን ክፍል መጻፍ ነው፤ ማኅደረ ትውስታው እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ሰዓቱ እንዴት እንደሚነበብ፣ ዲስኩና ኪቦርዱ እንዴት እንደሚጠሩ።

ትንሽ ይባል እንጂ ቀላል አይደለም። የኤስኢ/30 ታላቅ እኅት፣ ቁጥር የሌላት ኤስኢ፣ ይህን ሲስተም መሸከም አትችልም። ፕሮሰሰሯ 68000 ነው፤ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ክፍልና የራሱን ቁልፍ የሚሰጥ አካል የለውም፤ ተከራዮቹ ሁሉ አንድ ሳሎን ውስጥ እንደሚያድሩ ማለት ነው። የኤስኢ/30 ፕሮሰሰር፣ 68030፣ ግን ይህን አካል በሆዱ ይዞ የተሠራ ነው። የኪቦርዱ ነገር ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ያስደንቀኛል። አፕል የማሽኑን የውስጥ አሠራር ሁሉ አውጥቶ አልጻፈም። አሸጋጋሪዎቹ ምን አደረጉ? በማሽኑ ቋሚ ማኅደር፣ በአፕል ሮም፣ ውስጥ ያለውን የኪቦርድ ኮድ ራሱን እንዲያገለግላቸው ጠሩት። ሮሙ የለመዳቸውን ነገሮች በለመደበት ቦታ ላይ አስቀመጡለት፤ እሱም ማክ ኦኤስ ውስጥ ያለ እየመሰለው ለዩኒክስ ይሠራል። ከፋይሎቹ የብዙዎቹ አናት ላይ 1993 የሚል ዓመትና የአምስት ሰዎች ስም አለ፤ የመጀመሪያው አለን ብሪግስ ይላል። አንዳቸውንም አላውቃቸውም። ግን ሌሊት ብቻዬን ቡዝ ውስጥ ሳነባቸው ጓደኞቼ ነበሩ።

ፋይሎቹን ከኮሌጁ ላብራቶሪ በ18 ፍሎፒ አመላለስኩ። የማሽኗ ዲስክ አነስተኛ ስለነበር ስካዚ በሚባለው ገመድ የሚገናኝ ሌላ ዲስክ ገዝቼ ከኋላዋ ሰካሁ። የሲስተሙ እምብርት፣ ከርነሉ፣ ተነሣ፣ መስመር በመስመር የሚያገኘውን ሁሉ እየዘረዘረ መጣ፣ ዲስኩ ጋ ሲደርስ ዝም። ሦስት ሌሊት ዝም። በሦስተኛው ጠዋት ጋሼ ገመዱን በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ዲስኩ ጀርባ ሄዱ።

«ይሄ ጫፉ ላይ ባዶ ነው እኮ።»

«አንድ ቀዳዳ ተርፎ ነው ጋሼ፤ ሌላ ዲስክ ቢኖር የሚሰካበት።»

«ባዶ አይተውም። ምልክቱ ጫፍ ደርሶ ማረፊያ ካጣ ይመለሳል። እንደ ገደል ማሚቶ ነው፤ የራሱ ድምፅ ራሱን ያምታታዋል።»

ተርሚኔተር ይባላል ያ ጫፍ ላይ የሚሰካው። በአምስት ዶላር ገዝቼ ሰካሁት፤ ዲስኩ ወዲያው ታየ። ስካዚ የሚባል ነገር ጋሼ ሰምተው አያውቁም ነበር። አንቴና ግን ያውቁ ነበር።

ሎጊን የሚለው ቃል ሲመጣ አብሮት አንድ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ቀኑ ልክ አይደለም፣ አይተህ አስተካክል የሚል። የማሽኗ ባትሪ ስለሞተ ሰዓቷ ወደ መነሻው ተመልሶ ኖሯል። ሶርስ ኮዱን ከፍቼ የሰዓቱን ፋይል ስፈልግ ያቺን መስመር አገኘኋት። አንድ ቁጥር ብቻ ናት፦ 2,082,844,800።

ማኪንቶሽ ዘመንን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1904 ጀምሮ በሰከንድ ነው። ዩኒክስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970። በመካከላቸው ስልሳ ስድስት ዓመት አለ፤ ያ ቁጥር የስልሳ ስድስቱ ዓመት ሰከንድ ነው፣ ዐሥራ ሰባቱ ተጨማሪ ፌብሩዋሪ 29ኞች ሳይቀሩ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቆጥሮታል። ከርነሉ ከማሽኗ ሰዓት ሲያነብ ይቀንሳል፣ ሲመልስላት ይደምራል። የራሷን ዘመን እንድትተው ማንም አላስገደዳትም። የእናቴን ደብዳቤ አውጥቼ ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጥኩት። በእኛ ቆጠራ የማኪንቶሽ ዘመን የሚጀምረው ታኅሣሥ 22 ቀን 1896 ነው፤ ፈረንጆቹ የዐድዋን ዓመት የሚጽፉበት ያው ቁጥር። የዩኒክስ ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962።

ቀኑን በእጄ አስተካከልኩና የራሴን ከርነል ኮምፓይል ማድረግ ጀመርኩ። በ16 ሜጋኸርዝና በ8 ሜጋባይት ሃያ ሰዓት ፈጀ። በመሐል ሺፍቴ አለቀ፤ ጋሼ «አይነካም» ብለው በእጃቸው ጽፈው ስክሪኑ ላይ ለጠፉልኝና ቀኑን ሙሉ ጠበቋት።

እሑድ ማታ ስመለስ አልቆ አገኘሁት። ሌሊቱን አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። የዩኒክስን ሰከንድ ለቀን ታካፍላለች፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ተነሥታ ሠላሳ ሠላሳ እየቆጠረች ትመጣለች፣ ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ታደርጋለች፤ ማሽኗ ስትነሣ መጨረሻ ላይ የአገራችንን ቀን ትጽፋለች። ስክሪኑ የግዕዝ ፊደል ስላልነበረው በላቲን ነበር።

ጋሼ ሊረከቡኝ ሲገቡ አጥፍቼ አስነሣኋት። ኮታቸውን ሳያወልቁ ቆመው መስመሮቹን ተመለከቱ። የመጨረሻው ሲመጣ መነጽራቸውን አደረጉና ቃል በቃል አነበቡ።

«የካቲት... ዐሥራ ስድስት... ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት እንዴ!»

«ናት ጋሼ።»

«ረስቻት ነበር እኮ።» ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። «እንኳን አደረሰህ ልጄ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

ውጭ አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁና ትኬቱን ይዘው ወጡ።