የእንጅባራ ሰማያዊ አበባ

ነሐሴ ላይ ወደ አዊ የምትሄዱ ከሆነ ጃኬት አትርሱ። ከቡሬ ወጥተን ቲሊሊን ስናልፍ የመኪናውን መስታወት ጉም ሸፈነው፤ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛው የዘንገና ሐይቅም ግማሹ ብቻ ታየን። ልጆቹ «ሻይ፣ ሻይ» እያሉ እንጅባራ ገባን።

በአክስቴ ግቢ፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ሃይድራንጃ የሕፃን ራስ የሚያክሉ አበቦቹን ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል። ቀለሙ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከዚሁ ተክል ቅርንጫፍ ቆርጬ አዲስ አበባ ወስጄ ነበር። ጸደቀ፣ አበበ፣ ግን ሮዝ ሆነ።

«ሌላ ሰው ሰጥቶሽ ይሆናል እንጂ የእኔስ ሮዝ አይደለም» አሉ አክስቴ።

ተክሉ ግን ያው ነው፤ የተለየው አፈሩ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን፣ ማለትም ፒኤቹ ከ5.5 ሲወርድ፣ በውስጡ ያለው አልሙኒየም ይሟሟል። ተክሉ በሥሩ ይስበውና አበባው ሰማያዊ ይሆናል። ፒኤቹ ከ6.5 ሲያልፍ ደግሞ ተክሉ አልሙኒየሙን ስለማያገኝ ሮዝ ያብባል። እኔ የተከልሁት ከሲሚንቶ አጥር ሥር ነው፤ ከግንቡ የሚታጠበው ኖራ አሲዱን አጥፍቶታል። ነጭ ዝርያዎች ግን እንዲህ ቀለም አይለዋውጡም።

ይህን በኩራት ሳስረዳ የአክስቴ ባለቤት ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ለአበባሽ የተስማማው እኮ ነው ገብሴን የሚገድለው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ዝናብ የሚበዛበት የአዊ ደጋ አፈሩ በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። አበባውን የሚያሳምረው የተሟሟ አልሙኒየም የገብስንና የስንዴን ሥር ያቀጭጫል። ገበሬው ኖራ በኩንታል ማሳው ላይ ይበትናል፤ ወይም አሲድ የሚችለውን ድንች ይተክላል። ወደ ዳንግላ ስትሄዱ አዲስ ቅዳም አካባቢ የምታዩት የዲከረንስ ደንም ለከሰል ብቻ አይደለም፤ እህል እምቢ ባለ መሬት ላይ ተተክሎ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲቆረጥ ማሳው ጤፍ ይዘራበታል። እኔ ፎቶ የማነሳለት ሰማያዊ ለእሳቸው የጎተራ ጉዳይ ነው።

መትከል ለምትፈልጉ፣ ክረምት ሲገባ አበባ ያልያዘ፣ ሁለት ሦስት አንጓ ያለው ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ጥላ ሥር ትከሉ። የጠዋት ፀሐይ ይወዳል፤ የቀትሩን አይችልም። ከእንጅባራ ዝቅ በምትለው ዳንግላማ ጥላ ግድ ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው መከርከም ላይ ነው። የተለመደው ዝርያ የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ «ላሳምረው» ብሎ ሁሉንም የከረከመ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ብቻ ያያል። ውርጭ በሚጥልባቸው ወራት የደረቀውን አበባ እንኳ አትንኩት፤ ከሥሩ ያለውን እምቡጥ ይከልልለታል። ቅጠሉም አበባውም ሲበላ ስለሚመርዝ ትንንሽ ልጆችንና በጎችን አርቁ።

ስንመለስ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ልሞክረው ብዬ አንድ ጆንያ አፈር ለመንሁ። አካፋውን ያመጡልኝ የአክስቴ ባለቤት ራሳቸው ናቸው።

«ውሰጂ ልጄ» አሉ እየሳቁ፤ «የላይኛውን ማሳ እንዳለ ብትወስጂልኝ ደስታዬ ነው።»